ከጥፍር እስከ አንገት ያዘዝኩት ንቅሳት

እናንተዬ፣ እስቲ አንገታችሁን አንዴ ዳበስ አድርጉት። ባዶ ነው? እንግዲያው ተመስገን በሉ። እኔ የራሴን መስታወት ውስጥ ባየሁት ቁጥር ክው እላለሁ። ስንት ዘመን አልፎ፣ ጢሜን ልላጭ ስቆም ዛሬም እደነግጣለሁ። ሰው ከገዛ አንገቱ ጋር እንዴት አይላመድም ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አገው ምድር፣ ቆሰበር ላይ ነው። ዛሬ እንጅባራ የምትሉት ማለቴ ነው። ያኔ ከተማ ብሎ ለመጥራት ትንሽ ደፋር መሆን ያስፈልግ ነበር። አንድ መንገድ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ብዙ ዝናብ፣ ከዝናቡም የባሰ ብርድ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። የአገሬውን ቋንቋ አውኚን አልችልም፣ ፈረስ አልችልም፣ ብርድ አልችልም። የምችለው ግራመር ብቻ ነበር። በግራመር ደግሞ አገው ምድር ውስጥ ሚስት ያገኘ ሰው አልሰማሁም።

እኔ ግን ላገኝ ተቃርቤ ነበር። የሺ ትባላለች፤ የባላምባራስ አየነው ልጅ ናት። ዳንግላ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ እኛው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ስትናገር ቀጥ ብላ ነው፤ ስትስቅ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፣ ሳቁ ግን ከነጠላው ሾልኮ ይወጣል። ወደድኳት። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ። እሷም ለዝግጅቱ ወላጆቿ ቤት ገባች። የቀረው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቀን መቁረጥ ብቻ! ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። እኔ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም።

ባላምባራስ ያንገራገሩበት ምክንያት ፈረስ ነው። አገው ምድር ውስጥ ፈረስ የማይጋልብ ወንድ ወንድነቱ በይደር የተያዘ ነው። ባላምባራስ እንዲያው ለወጉ "እስቲ ልጃችን ይቀመጥበት" ብለው ፈረሳቸውን አስጭነው አቀረቡልኝ። በግራ በኩል ወጣሁ፣ በቀኝ በኩል ወረድኩ። በመካከሉ ፈረሱ ጀርባ ላይ መቆየቴን ያየ ሰው የለም። ባላምባራስ ቢስቁ ግልግል ነበር፤ አልሳቁም። አጠገባቸው ለነበሩት ሽማግሌ በአውኚ አንድ ነገር አሏቸው። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ። ለቀብር እንኳ እንዲያ ሲመጠጥ አልሰማሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ወንድ መሆኔን የማሳይበት ዘዴ ፍለጋ እንቅልፍ አጣሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ኦላፍ የመጣው። ኦላፍ ኖርዌይ ከሚባል አገር የመጣ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስተርጓሚው ሆንኩ። ቁመቱ በየደጃፉ ጎንበስ ያሰኘዋል። ጢሙ ቀይ ነው፤ መቅላቱስ ባልከፋ፣ ጎንጉኖታል። አዎ፣ ጢሙን! እንደ ሙሽራ ሹሩባ ሁለት ቦታ ጎንጉኖት ደረቱ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን በመንገዱ ሲያልፍ ያየው ቆሰበሬ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። አንዲት ሴትዮ "እንዴት ያለች ጎንጓኝ ብታገኘው ነው?" ስትል ሰምቻለሁ።

ከቀንድ የተሠራ ሚዶ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ጠዋት ያበጥራል፣ ሲመሽ ያበጥራል፣ መሬት ሲለካ ንፋስ ከበተነበት ሥራውን አቁሞ ያበጥራል። ምነው ብለው፣ "አባቶቻችንም እንዲህ ነበሩ፤ ቫይኪንጎች ይባላሉ፤ ጦረኞች ናቸው" አለኝ። "በመርከብ ባሕሩን ሁሉ ያስጨንቁ ነበር። ግን ሳያበጥሩ አይወጡም። ዓይናቸውንም ይኳሉ።"

"ወንዶቹ?"

"ወንዶቹም ሴቶቹም።"

ደነገጥኩ። ጦረኛ ተኩሎ! እኛ አገር ጀግና ሲፎክር ዓይኑ ደም ይመስላል እንጂ ኩል አይነካውም። ለነገሩ፣ ተኩሎ የመጣ ሰው ጎራዴ ቢመዝብህ ከየት ወገን እንደሆነ እስክታውቅ አንገትህ ሄዷል።

የባሰው ድንጋጤ ቅዳሜ መጣ። ኦላፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንገና ሐይቅ ወርዶ ይታጠባል። ዘንገናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዙሪያውን ደን የከበበው፣ ጥቁር፣ ታች የለውም የሚባል ውሃ ነው። አገሬው ከብቱን እንኳ ሲያጠጣ ከዳር አያልፍም። ይህ ሰው በቀዳሚት ሰንበት ዘሎ ሊገባበት ነው። "በሰንበት ገላ ይታጠባል እንዴ?" አልኩት። "በእኛ ቋንቋ ቅዳሜ ማለት ራሱ የመታጠቢያ ቀን ማለት ነው" ብሎ ሸሚዙን አወለቀ።

በስመ አብ! በግራ ክንዱ ላይ መርከብ። በቀኝ ክንዱ ላይ የገዛ ጅራቱን የነከሰ ዘንዶ። ደረቱ ላይ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ የገመድ ቋጠሮ። ንቅሳት! ወንድ ልጅ፣ ያውም ጢም ያለው፣ ንቅሳት!

ዛሬ ወጣቱ "ታቱ" እያለ ክንዱን የግድግዳ ወረቀት ቢያስመስለው የሚደነግጥ የለም። ያኔ ግን ንቅሳት የሴት ነው። አንገት ላይ በመደዳ የሚዞር፣ ግንባር ላይ መስቀል፣ ድድ ላይ ጥቁረት፤ ይህ ሁሉ የሴት ውበት ነው። ወንድ ከተነቀሰ ታሞ ነው፤ ሌላ ምክንያት ተሰምቶ አያውቅም።

ኦላፍ ከውሃው ወጥቶ እየተንቀጠቀጠ ነገረኝ። (እሱ አልተንቀጠቀጠም፤ እሱን እያየሁ የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።) ከዘመናት በፊት አንድ የአረብ መልእክተኛ ከቫይኪንጎች ጋር ተገናኝቶ፣ ከጣታቸው ጥፍር እስከ አንገታቸው በዛፍና በልዩ ልዩ ሐረግ አረንጓዴ ሆነው አየኋቸው ብሎ ጽፏል አለኝ። "ተነቅሰው ይሁን ቀለም ተቀብተው፣ እንጃ። ሌላ ምስክር የለም። ግን የእኛ አገር መርከበኛ ይህን ከሰማ ወዲህ የአባቶቼ ነው እያለ መርከብና ዘንዶ ያስነቅሳል። በየወደቡ የነቃሽ ሱቅ አለ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጣትህን ትቀስራለህ፣ በኤሌክትሪክ መርፌ ይነቅሱሃል።"

ልብ በሉ፣ ሰውየው "እንጃ" ብሎኛል። የአንድ መንገደኛ ወሬ ስንቱን ክንድ እንዳስወጋ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን "እንጃ"ውን እዚያው ዘንገና ዳር ጥዬ፣ "ጦረኛ" እና "ከጥፍር እስከ አንገት" የሚለውን ብቻ ተሸክሜ ተመለስኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፈረሱ ባይሆንልኝ፣ ክንዴ ላይ ዘንዶ ይዤ ባላምባራስ ፊት እጅጌዬን ስሰበስብ ታየኝ። "ይህስ ወንድ ነው!" ሲሉ ሁሉ ተሰማኝ።

ቆሰበር ላይ ወሬ ከሰው ይቀድማልና፣ ነቃሽ ፍለጋ አዘና ድረስ ሄድኩ። እቴ ስንዱ የታወቀች ነቃሽ ናት፤ ከሠርግ ሠርግ እየዞረች የሙሽሮችን አንገት የምታስጌጥ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መርፌዎቿን በክር ስታስር ደረስኩ።

"ለእህትህ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም።"

"ለእጮኛህ ነዋ!"

"የለም እቴ ስንዱ። ለኔው ነው።"

ክሩ ከእጇ ወደቀ። "ኧረ ምን ጉድ ነው! ምን አመመህ?"

ደህና ነኝ አልኳት። እናትህ ታውቃለች ወይ አለችኝ። አታውቅም አልኳት። ከዚያ ስለ ቫይኪንጎች፣ ስለ መርከቡና ስለ አረቡ ሁሉንም አስረዳኋት። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝ፤ እብድ እንዲህ ነው የሚሰማው።

"ዘንዶ የረገጠ ቅዱስ አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ። "ዘንዶ የተነቀሰ ቅዱስ ግን አላውቅም። አልነቅስም።"

"መርከቡንስ?"

"አይቼው አላውቅ። ያላየሁትን እንዴት ብዬ?"

"እንግዲያው የሚያውቁትን ይንቀሱኝ። ብቻ ከጣቴ ጥፍር እስከ አንገቴ ይሁን።"

ልጆቼ፣ ሰው ሲያዝ አስተካክሎ ይዘዝ። እኔ ከጥፍር ይጀመራል ብዬ ነው ያሰብኩት። እቴ ስንዱ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ከአንገት በቀር ከሌላ ጀምራ አታውቅም። "የሚጀመረው ከላይ ነው፤ አንገቱ የቻለ ሌላውን ይችላል" ብላ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና አገጬን ወደ ሰማይ ቀና አደረገችው። ጥላሸቱን በቅጠል ጭማቂ በጠበጠች። ከዚያ መርፌዎቹ መጡ።

ምን ልበላችሁ! ተርብ ወግቷችሁ ያውቃል? ተርብ እንኳ አንዴ ወግቶ ይሄዳል። እነዚያ መርፌዎች ግን የሚሄዱበት ሌላ አገር የላቸውም። የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ፤ ሲያልቁብኝ ሰማዕታቱን ጀመርኩ። ጎረቤት እናቷን እየጠራች የምታለቅሰው ሙሽራ የትኛዋ እንደሆነች ሊያይ መጥቶ በድንጋጤ ተመለሰ። እቴ ስንዱ "አይዞህ፣ አንገቱ ሊያልቅ ነው፤ ቀጥሎ ደረትህ ነው" ስትለኝ፣ "ደረት" የሚለውን ሰምቼ አንገቱ እንዳለቀ ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሮጥኩ ብል ይቀለኛል።

ከምንጭ ዳር ቆሜ መልኬን በውሃው አየሁት። ክው! ከጥፍር እስከ አንገት ካዘዝኩት የቫይኪንግ ንቅሳት ውስጥ የደረሰኝ አንገቱ ብቻ ነው። እሱም መደዳውን የሚዞር፣ ከፊት ለፊት ትንሽ መስቀል ያንጠለጠለ፣ የለየለት የሙሽራ አንገት።

ከዚያ አበጠ። እብጠቱ ከአገጬ በታች ጀምሮ ወደ ጆሮዬ ወጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ኖሯል። ገበያ ካሉት የጨርቅ ነጋዴ ከሐጂ ኑሩ ዘንድ የአንገት ልብስ ፈለግሁ። ያላቸው የሴት ሻሽ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ጠምጥሜ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ አንገቴን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ስለ ግሥ አወራለሁ፤ እነሱ ስለ እንቅርት። ማታውን አገሩ ሁሉ "አስተማሪው እንቅርት ወጣበት" አለ።

አከራዬ አያ ታከለ እየሮጡ መጡ። እኒህ ሰው የላክኋቸው ሽማግሌም ናቸው፤ ስለዚህ የኔ አንገት የሳቸው ክብር ነበር። ሻሹን ሳይጠይቁ ገለጡት። ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ተነቅሰሃል! እውነት ነው እንግዲያ፣ እንቅርት ይዞሃል።"

"ኧረ የለብኝም አያ ታከለ!"

"ምኑን ታታልለኛለህ? እንቅርት የጀመረው ሰው እንዳያድግበት አንገቱን ይነቀስ የለ? ወንድ ሌላ ምን ብሎ ይነቀሳል?"

"ለጌጥ ነው።"

ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አረጋገጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ እንቅርቱ ይሻላል" አሉኝ።

አልተሻለም። ወሬው ባላምባራስ ዘንድ ደረሰና መልእክት ላኩ፤ "ዘሩ እንቅርታም ከሆነ ልጄን አልሰጥም። ለቀን መቁረጡ ሲመጣ አንገቱን ገልጦ ይምጣ።" እንቅርት ነው ብል የሺን አጣለሁ። ለጌጥ ነው ብል፣ አንድ ቀን ከፈረስ ወድቆ ሌላ ቀን እንደ ሴት አንገቱን ያስጌጠ ሰው ሆኜ የሺን አጣለሁ። ሁለቱንም መንገድ ስሄድበት አዳሬ አንድ ቦታ ሆነብኝ። ቀልዱ ይቅርና፣ ያን ሰሞን እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። በእርግጥ ጉሮሮዬም አብጦ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘሁት መላ ኦላፍ ነው። ወንድ እንደሚነቀስ እሱ ይመስክርልኝ! ኦላፍ ሲሰማ ጢሙን አዲስ አስጎንጉኖ ተነሳ። በቅሎ አቀረብንለት፤ ተቀምጦባትም እግሩ መሬት ስለነካ ወርዶ አብሯት ሄደ።

ከአያ ታከለ ጋር ሆነን ባላምባራስ ቤት ስንገባ በመጀመሪያ ያየሁት እቴ ስንዱን ነው። መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ለካ የየሺ እናት "አንገቷ ባዶ የሆነ ሙሽራ ከቤቴ አትወጣም" ብላ ከአዘና አስመጥታታለች። የሺ ደግሞ "አልነቀስም" ብላ ጓዳ ገብታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢለምኗት ቢቆጧት አልወጣ ብላለች። እንግዲህ ነቃሿ ምሰሶ ሥር፣ ተነቃሿ ጓዳ፣ ቀድሞ የተነቀሰው ሙሽራ በር ላይ።

ባላምባራስ ከንስሐ አባታቸው ከቄሱ ጋር ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን በግማሽ ተቀብለው "ግለጠው" አሉ። ገለጥኩት። ቄሱ አማተቡ። የየሺ እናት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና "ውይ! ውይ! የሙሽራ አንገት!" አለች።

"አንቺ ነሽ የነቀስሽው?" አሉ ባላምባራስ፣ ወደ እቴ ስንዱ ዞረው።

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"እንቅርቱ የት ጋ ነው?"

"እንቅርትስ የለበትም። ዳብሼዋለሁ፤ እንደ ቀርቀሃ ቀጥ ያለ አንገት ነው። ለጌጥ ነው ብሎኝ ነው።"

አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እቴ ስንዱ ዘሬን አዳነች፣ እኔን ገደለችኝ። ባላምባራስ "ለጌጥ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ለብቻቸው አሉት፤ መራራ ነገር እንደሚቀምስ ሰው። ያኔ ነው ዘልዬ "እዚያ አገር ወንዱም ይነቀሳል! የጦረኛ ምልክት ነው! ይኸው ምስክር!" ያልኩት። ኦላፍ አስቀድሜ ያስጠናሁትን "ምስክር" የሚለውን ቃል ሲሰማ ተደስቶ እጅጌዎቹን እስከ ትከሻው ሰበሰበ።

"ዘንዶ!" ብለው ቄሱ መስቀላቸውን መዘዙ።

"ገመድ ነው አባ" አልኩ።

"ዓይን አለው!"

"የእነሱ አገር ገመድ..." ብዬ ጀመርኩና መጨረሻውን አጣሁት።

ቄሱ ከኦላፍ ራቅ ብለው፣ "አባቶቹ ክርስቲያን ነበሩ ወይ በለው" አሉኝ። ጠየቅሁት። ኦላፍ ስለ አባቶቹ ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። "ኧረ የለም!" አለ በእንግሊዝኛ። "መጀመሪያ አልነበሩም። እንዲያውም ባሕር እያቋረጡ ገዳማትን ይዘርፉ ነበር። በጣም የታወቁበት ሥራ እሱ ነው።"

ሁሉም እኔን ያያሉ።

"ምን ይላል?"

"ገዳማትን... አጥብቀው ይወዱ ነበር ይላል። ባሕር አቋርጠው ሳይቀር ይሄዱ ነበር።"

"እሰይ!" አሉ ቄሱ። "መነኮሳቱስ እንዴት ይቀበሏቸው ነበር?"

ኦላፍ ቀጠለ። የብሩን ጽዋ፣ የወርቁን መስቀል በመርከብ ጭነው እንደሚመለሱ፣ የቀረውን በእሳት እንደሚያጋዩት አስረዳ። ማስረዳቱ ሳይበቃው በሁለት እጁ ወደ ላይ የሚንቦገቦግ ነበልባል ሠራ፤ በአፉም የእሳት ድምፅ አሰማ።

"መነኮሳቱ ባዶ እጃቸውን አይሰዷቸውም ነበር" አልኩ። "ይህ በእጁ የሚያሳየው ደግሞ... ደመራ ነው። ሲመጡ ደመራ ይለኮስ ነበር።"

ቄሱ "ግሩም ነው" አሉ። ባላምባራስም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልቤ መለስ ሊል ሲል፣ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሳቅ ተሰማ። በነጠላ ታፍኖ የሾለከ ሳቅ። የሺ እንግሊዝኛ ታውቃለች!

"የሺ! ነይ ውጪ!" አሉ አባቷ። ከጠዋት ጀምሮ አልወጣም ያለችው ልጅ ወጣች። ዓይኗ አንገቴ ላይ አረፈ፣ ፊቷ ደነገጠ፤ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። "ምን አሳቀሽ? አንቺም የፈረንጅ አፍ ተምረሻል። ሰውየው ያለውን ቃል በቃል ንገሪን።"

በዓይኔ ለመንኳት። የወደድኳት ውሸት ስለማይሆንላት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ትንሽ ውሸታም ብትሆንልኝ ምን ነበረበት!

"ገዳም ይዘርፉ ነበር ነው የሚለው" አለች ቀስ ብላ። "ደመራ የተባለው ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ነው፤ ሲቃጠል።"

ኦላፍ ብቻ ፈገግ ብሎ ሁሉንም ያያል፤ ምስክርነቱ የሠመረ መስሎታል። ቀጥሎ የተናገረውንም የሺ አንድ ሳታስቀር ተረጎመችው፤ ኋላ ግን ተጠመቁ፣ ከእንጨት ቤተ ክርስቲያን አነጹ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይም የዘንዶ ራስ ቀረጹ። "ንስሐ ገብተዋላ" አሉ ቄሱ ተንፍሰው። "ዘንዶው ባይደላኝም፣ ገብተዋል።"

ባላምባራስ ግን ዓይናቸውን ከኔ አላነሱም። "እንግዲህ ልጄ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ እሱ ነው የባሰ ያስደነገጠኝ። "ፈረስ አትችልም። አንገትህ የሙሽራ ነው። ገዳም ሲቃጠል ደመራ ነው ትላለህ። ልጄን ለየቱ ብዬ ልስጥህ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እፈጥር ነበር፤ ፈጠራዬ ሁሉ አልቆ ነበር። "ለየቱም አይስጡኝ ባላምባራስ" አልኩ። "ወንድ ነው እንዲሉኝ ብዬ ነው የተወጋሁት። የዋሸሁትም የሺን እንዳላጣት ፈርቼ ነው። ሌላ ምንም የለኝም።" እንባዬ መጣ። ወደ ውስጥ ልመልሰው ብል አንገቴ አብጦ መንገዱን ዘግቶታል።

ያኔ እቴ ስንዱ ከምሰሶው ሥር ጉሮሮዋን ጠረገች። "ይቅርታ ጌቶቼ። እኔ ሙሽራ ስነቅስ ሁለት ሴት ግራና ቀኝ ይዘውልኝ ነው። ይህን ልጅ ማንም አልያዘው። እርግጥ ጮኸ፤ እንደ ጥጃ ነው የጮኸ፤ አዘና ሁሉ ሰምቷል። ግን አንገቱ እስኪያልቅ ከበርጩማው አልተነሳም።"

ባላምባራስ አገጫቸውን አሻሹ። የየሺ እናት ተቆጣች። "እሱስ ተነስቶ ይሂድ! ይልቅ አንቺ የመጣሽበትን ጀምሪ። አንቺም ነይ ተቀመጭ፤ ይህ ባይሆን ሌላ ባል ይመጣል፣ ያልተነቀሰ አንገት ግን ሠርግ አያይም!"

የሺ አልተቀመጠችም። እኔ አጠገብ መጥታ ቆመች። "አባዬ" አለች። "እማዬ ለሠርግ የተነቀሰ አንገት የግድ ነው ትላለች። ይኸው የተነቀሰ አንገት። የኔን ተዉልኝና ቀኑን ቁረጡ።"

እኔ ደነገጥኩ። እናቷ ደነገጠች። ቄሱ መስቀላቸውን ለማን እንደሚያነሱ ግራ ገባቸው። ባላምባራስ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ አንገቴን አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ። ታመሙ ብዬ ልደግፋቸው ተነሳሁ። ለካ ሳቅ ነው። ከፈረሱ ስወድቅ የዋጡት ሳቅ ሳይቀር ያን ቀን አንድ ላይ መጣባቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ "ቁረጡ፣ ቁረጡ" አሉ። ኦላፍም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ፤ እንደሱ ሲስቅ ደግሞ መርከቡም ዘንዶውም ይንቀሳቀሳሉ።

ሠርጉ ደረሰ። ሙሽሪትን ልናወጣ ስንቆም ሴቶቹ ከበቡን። የሙሽራ አንገት ሳይወደስ ሠርግ የለምና፣ ዘፈን አውጪዋ ልትጀምር ወደ የሺ ዞረች። አንገቷ ባዶ ነው። አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሰዉ ሁሉ ተቀባይ ሆኖ እጁን ለጭብጨባ አንስቶ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ወዲያ ወዲህ ስትል ዓይኗ ከካባዬ በላይ አረፈ። ትንሽ አመነታች። ከዚያ እግዜር አያሳያችሁ፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ "አንገተ ብርሌ!" ብላ አወጣችው። አገሩ ሁሉ ተቀበለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

ደንግጬ አንገቴን ካባዬ ውስጥ ልቀብር ስል፣ የሺ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ቀና በል እንጂ" አለችኝ፣ "ላንተ እኮ ነው የሚዘፈነው።"